በአንድ መስመር ላይ

እህቶቼ፣ ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ቃል ነው። መስመር ስለሚባለው።

እዚህ ቤይሩት የምንከባከባቸው አሮጊት የድሮ ፊልም ይወዳሉ። አንድ ማታ በፈረንጆች 1959 የተሠራ «ፒሎው ቶክ» የሚባል የአሜሪካ ፊልም አብረን አየን። አንድ ወንድና አንዲት ሴት ሳይተዋወቁ በስልክ መስመር ይጣላሉ። ነገሩ ስላልገባኝ በኋላ በስልኬ ፈልጌ አነበብኩ። ለካ ያኔ አንዱን የስልክ ሽቦ ሁለትም አራትም ቤት ይጋራው ነበር። ጥሪው በየቤቱ ይለያያል፤ ለአንዱ አንድ ረጅም፣ ለሌላው ሁለት አጭር። ጎረቤት ቀስ ብሎ ካነሳ የሰው ወሬ ሁሉ ይሰማል። ስሙ በእንግሊዝኛ «ፓርቲ ላይን» ነው።

ሳቄ መጣ። እኔ የፓርቲ መስመር ሲባል የማውቀው የቀበሌ ስብሰባ ነው። እንግሊዝኛውም ለሁለቱም ያው አንድ ስም ነው። ኢሕአዴግ ዴሞክራሲያዊ ማዕከላዊነት የሚለው መመሪያ ነበረው፤ ከመወሰኑ በፊት ተከራከሩ፣ ከተወሰነ በኋላ ግን ሁሉም አንድ ቃል ይናገር። ከመስመር የወጣ ይገመገማል።

ሳስበው ሁለቱም መስመር እኛ ጋ አለ። አርብ አርብ በኢሞ ስደውል እናቴ ስፒከር ላይ ታደርገኛለች፤ ቡና ሊጠጡ የመጡት ጎረቤቶች በሙሉ ይሰሙኛል። እዚህ ደግሞ ማዳም ከበሩ ወዲያ አለች። አማርኛ ባትሰማም ለቅሶ ግን ትለያለች። ስለዚህ «ደህና ነኝ» እላለሁ። ሦስት ወር ደሞዝ ሳይከፈለኝም ያልኩት ይህንኑ ነው። እናንተስ? የሁላችንም መስመር «ደህና ነኝ» አይደል?

ይሄ ውሸት ነው ወይ? እናትን ላለማሳመም የተባለ ቃል ነውና ኃጢአት ነው ለማለት ይከብደኛል። ግን ፓርቲ እንኳ መጀመሪያ ይከራከራል። እኛ መቼ ተከራክረን ወሰንን? ማንም ሳይነግረን ሁላችንም አንድ ቃል ያዝን። ያንን ቃል ደግሞ ከጎረቤቶቹ ጋር ታናሽ እህቴም ስትሰማ ነበር። ባለፈው «እኔም ደላላ አነጋግሬያለሁ፣ ልመጣ ነው» አለችኝ።

ያን ቀን ስፒከሩን አስጠፍቼ እውነቱን ነገርኳት። ደሞዙን፣ የተወሰደብኝን ፓስፖርት፣ ሌሊቱን። ተቆጣች። «አንቺ ከሄድሽ በኋላ ነው ክፉ የሆነው?» ብላ ዘጋችብኝ። እስካሁን አላወራችኝም። ትምጣ ትቅር አላውቅም። ግን ከመጣች አውቃ ትመጣለች።

ስለዚያ የጋራ ስልክ አንድ ሌላ ነገርም አንብቤ ነበር። በአሜሪካ በብዙ ክፍለ ግዛቶች ሕግ ነበረ፤ አንዱ እሳት ተነሳብኝ፣ ሐኪም ልጥራ ካለ ሌሎቹ ወሬያቸውን አቋርጠው መስመሩን መልቀቅ አለባቸው። እምቢ ያለ ይቀጣል።

ለእኛም እንዲህ ያለ ሕግ ቢኖረን እላለሁ። ለእናቶቻችን «ደህና ነኝ» እንበል፣ እሺ። ነገር ግን ከመካከላችን አንዷ «ደህና አይደለሁም» ስትል «ሁላችንም ችለነዋል፣ አንቺም ቻዪው» አንበላት። ዝም ብለን መስመሩን እንልቀቅላትና እንስማት።