ስጦታ ነው ወይስ ዕዳ?



ባለፈው ክረምት፣ በሐምሌ ወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ዶማና አካፋችንን ይዘን በቀበና ወንዝ ዳር ወደ ታደሰው መናፈሻ ወረድን። በዳርቻው የአኻያ፣ የዋንዛና የወይራ ችግኝ ተከልን። ማታ ወደየቤታችን ስንመለስ ልባችን ሞልቶ ነበር። «ዛሬ ለከተማችን ስጦታ ሰጠን» ተባባልን።

በታኅሣሥ ተመልሰን ብንሄድ ብዙዎቹ ደርቀዋል። ዝናቡ ካቆመ ወዲህ አንድ ጣሳ ውኃ ያፈሰሰላቸው ከመካከላችን አልነበረም። በደረቁት ላይም የክረምቱ ጎርፍ ያመጣው ፌስታል ተጠምጥሞ አገኘን። ከየት መጣ? ከላይ ካሉት ሰፈሮች፤ ማለትም ከእኛው ደጅ።

ያን ጊዜ አንድ ጥያቄ ያዘን። የሐምሌው ሥራችን ስጦታ ነበር ወይስ ዕዳ? ስጦታ የሚሰጥ ሰው ሲፈልግ ይሰጣል፣ ሲደክመው ያቆማል፤ ምስጋናም ይጠብቃል። ባለዕዳ ግን ከፍሎ እስኪጨርስ ዕረፍት የለውም። እኛ ራሳችንን እንደ ሰጪ ስለ ቆጠርን ሥራው በመትከል ያለቀ መሰለን።

ወንዙ ግን ሌላ ይነግረናል። ቀበና ከእንጦጦ ወርዶ፣ ከተማውን አቋርጦ፣ ከሌሎች ወንዞች ጋር ወደ አቃቂ ይፈስሳል፤ አቃቂም በአባ ሳሙኤል በኩል አዋሽ ይገባል። በአቃቂ ዳር ገበሬው ጎመኑንና ሰላጣውን በዚያው ውኃ ያጠጣል፤ ጎመኑም ተመልሶ ወደ ገበያችን ይመጣል። ከደጃችን የጣልነው በማዕዳችን ላይ ይቀርባል ማለት ነው። ታዲያ የዚህን ወንዝ ዳርቻ ስናለብስ ምን ሰጠነው? የወሰድንበትን መመለስ ጀመርን እንጂ።

«እኔ በወንዙ ቆሻሻ አልጣልኩም፤ ስለ ምን ባለዕዳ እባላለሁ?» ያለ ከመካከላችን ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን የደብሮቻችንን ቅጥር እንመልከት። በብዙ ቦታ አካባቢው ገላጣ ሆኖ ሳለ ወይራው፣ ጥዱና ዝግባው የቀረው በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ነው። ያቆዩልን አባቶችና እናቶች አደራ ብለው ነው የጠበቁት። እኛ ያልተከልነውን ጥላ በደስታ ወርሰን፣ ያላደረስነውን ጥፋት ግን «አያገባኝም» ልንል አንችልም።

የአገር ዛፍ መትከልም ይህንኑ ያስተምራል። በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ቶሎ ስለሚያድግ ማገዶ ላጠራት አዲስ አበባ ደርሶላታል፤ ውለታውን አንክድም። ወይራና ዝግባ ግን ቀስ ብለው የሚያድጉ ናቸው። የዛሬው ተካይ ከጥላቸው ሥር ላይቀመጥ ይችላል። ምስጋና ፈልጎ የሚተክል ይሰለቻል፤ ዕዳውን የሚያውቅ ይታገሣል።

ዕዳ ነው ስንል ደስታው ይጠፋልን? አይጠፋም። እናቱን የሚጦር ልጅ «ስጦታ ሰጠሁ» አይልም፤ ደስታው ግን ከማንም አያንስም።

ስለዚህ የተረፉትን ለማጠጣት ተራ ገብተናል፤ በየሳምንቱ አምስት አምስት ሆነን ጀሪካን ይዘን እንወርዳለን። ፌስታሉንም ከየቤታችን ጀምረን እንከለክላለን። ቋንቋችን ሥር የያዘን ችግኝ «ጸደቀ» ይለዋል፤ በተተከለበት ቀን ግን አይለውም። እንግዲህ በሚመጣው ክረምት «ስንት ተከላችሁ?» ብላችሁ አትጠይቁን። «ስንቱ ጸደቀ?» ብላችሁ ጠይቁን።