በአንድ ሠረገላ መቀመጥ

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የተጻፈውን የኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ ታሪክ ብዙ ጊዜ ሰምተነዋል። ሰባኪዎቻችን ጥምቀቱን ያብራሩልናል፤ እኛ ዛሬ ከውኃው በፊት ስለሆነው ጥቂት እንነጋገር። ፊልጶስ ሮጦ ደረሰና የሚያነበው ይገባው እንደሆነ ጠየቀው። ያ ትልቅ ባለሥልጣን የሚመራው እንደሚያስፈልግ ሳያፍር ተናገረ፤ ወጥቶም አብሮት እንዲቀመጥ ለመነው። አስተማሪው በእግሩ የመጣ፥ ተማሪው ባለ ሠረገላ! ከሁለቱ ሰጪው ማን፥ ተቀባዩ ማን እንደ ነበረ ለመለየት ያስቸግራል።

ይህን ያነሣነው በልዩ ልዩ አገር ያሉ ትምህርት ቤቶች ስለሚመሠርቱት ወዳጅነት ስናስብ ነው። ዩኔስኮ የተባባሪ ትምህርት ቤቶችን መረብ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1953 ነው። በአገራችንም ሊንክ ኢትዮጵያ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1996 ከጎንደርና ከእንግሊዝ አገር ትምህርት ቤቶች ወዳጅነት ተነሥቶ ልጆችን በደብዳቤ አገናኝቷል። መልካም ሥራ ነው። ሆኖም ከዚያ በኩል መጽሐፍና እስክርቢቶ ብቻ፥ ከዚህ በኩል ምስጋና ብቻ የሚላክ ከሆነ ያኛው ልጅ ማዘንን፥ ይኸኛው መለመንን ይማራል። አንዱ በሠረገላ፥ ሌላው ከኋላ በሩጫ ማለት ነው።

እንግዲህ እኛ የሪራ ልጆች ብንጻጻፍ ምን እንጽፋለን? በሐረና ጫካ ስለሚለቀመው የዱር ቡና፥ በዛፍ ላይ ስለሚሰቀለው ቀፎ እንጽፋለን። ከሁሉ ይልቅ ስለ ቀይ ቀበሮ! በዓለም የቀሩት ከ500 አይበልጡም፤ ከግማሽ የሚበልጡት የሚኖሩት በእኛው በባሌ ተራሮች ነው። በኦሮምኛ «ጄዳላ ፈርዳ»፥ የፈረስ ቀበሮ ትባላለች፤ ልትወልድ የተቃረበች ባዝራ ተከትላ የእንግዴ ልጁን ስለምትበላ ነው ይላሉ። ይህን ከእረኛ በቀር ማን ያስተምራቸዋል? ከሚፈጇት በሽታዎች አንዱ ከቤት ውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ስለዚህ አንድ የሪራ ልጅ ውሻውን ሲያስከትብ እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን ፓርክ መጠበቁ ነው። እነርሱም በተራቸው ይንገሩን፤ በእንግሊዝ አገር ተኩላ ከጠፋ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈዋልና እንዴት እንዳለቀ ብንጠይቃቸው ለእኛ ይጠቅመናል።

አንድ ነገር ይቀራል። ደብዳቤው በትምህርት ቤት ስም የሚሄድ ነውና በሰንበት ትምህርት ቤታችን ውስጥ ብቻችንን ልንጽፈው አንችልም። በአንድ ወንበር አብረውን የሚማሩት አብዛኞቹ ሙስሊሞች ናቸው። የሩቁ ልጅ ጎረቤቶቻችን እንዴት እንደሚጾሙ፥ እንዴት እንደሚጸልዩ ቢጠይቀን ስንቶቻችን በትክክል እንመልሳለን? (ስለ ለንደን ኳስ ቡድኖች ቢሆን አንቸገርም ነበር!) ስለዚህ የመጀመሪያው መስመር ከመጻፉ በፊት ከእነርሱ ጋር እንቀመጥ፤ በኦሮምኛም በአማርኛም አብረን እናርቅቀው። እንግሊዝኛው በኋላ ይደርሳል።