ስሕተቱ የማን ነው?
(ስለ ሰዋስውና ስለ ልብ ወለድ)

ሰዋስው ለልብ ወለድ ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም? ይህ ክርክር በተማሪዎች መካከል መቼም አያልቅም። አንድ አጭር ልብ ወለድ ላይ ቀይ እስክሪብቶ ሲያርፍ ጸሐፊው ይቆጣል። «አንባቢው እስከ ገባው ድረስ ምን ቸገራችሁ? ፈተና ላይ አይደለሁም እኮ!» ይላል። በሌላው ወገን ደግሞ አንዲት ፊደል ብትዛነፍ ድርሰቱን ከነነፍሱ ወደ ቅርጫት የሚወረውር አለ። እኛ ከሁለቱም አንስማማም። «ሁለቱም በመጠኑ ልክ ናቸው» ብለን ልናስታርቃቸውም አንፈልግም። ጉዳዩ የኃላፊነት ጉዳይ ነው፤ ማን ለየትኛው ቃል ይጠየቃል የሚል። ስለዚህም ከሰዋስው ክፍል ይልቅ የሥነ ምግባር ክፍል ውስጥ ቢነሣ ይሻላል እንላለን።

እስቲ ከቀላሉ እንጀምር። «አሽከሩ ጌታውን ገደለው» ይላል አንዱ ታሪክ። «አሽከሩን ጌታው ገደለው» ይላል ሌላው። ቃላቱ እነዚያው ናቸው፤ ተራቸውም ያው ነው። የተለወጠ ነገር ቢኖር አንዲት «ን» ከጌታው ተነሥታ አሽከሩ ላይ መቀመጧ ነው። በዚህች ፊደል ምክንያት ገዳዩ ሟች፣ ሟቹ ገዳይ ሆነ። «አሽከሩ ተገደለ» ብንል ደግሞ ሟቹ ታወቀ፣ ገዳዩ ግን ከዐረፍተ ነገሩ ሹልክ ብሎ ወጣ። ደራሲው ይህን ያደረገው አውቆ ከሆነ ጥሩ ነው፤ የገዳዩን ስም ለመጥራት የሚፈራ ተራኪ አቁሞልናል ማለት ነው። ሳያውቀው ከሆነ ግን ለነፍሰ ገዳይ በር ከፍቶለታል።

የአማርኛ ጸሐፊ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ሸክም አለበት። ፊደላችን ጠብቆ የሚነበበውንና ላልቶ የሚነበበውን አይለይም። «ዶሮው ይበላል» ተብሎ ሲጻፍ ዶሮው ጥሬ እየለቀመ ነው ወይስ ድስት ሊገባ ነው? ስናወራ ድምፃችን ይለየዋል። ወጋየሁ ንጋቱ የሀዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በሬዲዮ ሲተርክ ማጥበቁንም፣ ማላላቱንም፣ ትንፋሹንም እሱ ይሞላው ነበር። መጽሐፍ ይዞ ብቻውን የተቀመጠ አንባቢ ግን ወጋየሁ የለውም። በእጁ ያሉት የቃላቱ አሰካክና ሥርዓተ ነጥቡ ብቻ ናቸው። እነዚህ ከተበላሹበት ታሪኩን ትቶ እንቆቅልሽ ሲፈታ ያመሻል። «አንባቢው እስከ ገባው ድረስ» የሚለው ጓደኛችን የዘነጋው ይህንን ነው። እሱ ድርሰቱን ሲያነበው የራሱን ድምፅ እየሰማ ነው፤ አንባቢው ግን አይሰማውም።

ይህም ሆኖ ነገሩ በመግባባት ብቻ አያበቃም። «አንተ» ወይም «እርስዎ» የሚለውን ሳንመርጥ አፋችንን መክፈት አንችልም። ስለ አንድ ሽማግሌ ዘበኛ ስንጽፍ «መጣ» እንላለን ወይስ «መጡ»? ስለ ሥራ አስኪያጁስ? ተራኪው ለባለመኪናው «መጡ»፣ ለዘበኛው «መጣ» እያለ ቆይቶ ስለ ሰው ልጅ እኩልነት ሦስት ገጽ ቢሰብክ ማን ይሰማዋል? ግሡ ቀድሞ አጋልጦታል። በተቃራኒው ደግሞ ሚስቱን ዕድሜ ልኩን «አንቺ» ሲል የኖረ ባል አንድ ማታ «እርስዎ» ቢላት በዚያች ቃል ብቻ ትዳሩ መፍረሱን እናውቃለን። ይህን የመሰለ መሣሪያ በእጁ እያለ እዚህ «መጣ» እዚያ «መጡ» እያለ ያለ ምክንያት የሚቀላቅል ጸሐፊ ጥይቱን ወደ ሰማይ ተኩሶ እንደ ጨረሰ ወታደር ነው። (እኛ እዚህ ደራስያንን ሁሉ «እሱ» የምንለው ከመናቅ አይደለም፤ ለሁሉም አንድ ዓይነት ግሥ ይድረሳቸው ብለን ነው።)

የእኛም ሥነ ጽሑፍ ታሪክ ሁለቱን አይነጣጥልም። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ፣ በኋላ «ጦቢያ» እየተባለ የተጠራውን፣ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ አሳተመ። ከዚያ ሦስት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ደግሞ የአማርኛን ሰዋስው በጣሊያንኛ ጽፎ እዚያው ሮም አሳትሞ ነበር። ዳኛቸው ወርቁን ተመልከቱ። በ1962 ዓ.ም. የወጣው «አደፍርስ» በአገርኛ አነጋገሩና ባልተለመደ አጻጻፉ ብዙ አንባቢ አስቸግሯል። የዚሁ መጽሐፍ ደራሲ ግን «የጽሑፍ ጥበብ መመሪያ» የሚል መጽሐፍ ያዘጋጀ ሰው ነው። አጥሩን የነቀነቀው አጥሩ የት እንደ ቆመ የሚያውቅ ሰው ነበር።

«ታዲያ ደንቡን የማያውቅ ሰው ልብ ወለድ አይጻፍ ልትሉ ነው?» ይሉን ይሆናል። አንልም። ናይጄሪያዊው አሞስ ቱቱኦላ ትምህርት ቤት የቆየው ስድስት ዓመት ያህል ብቻ ነው። በ1952 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ የታተመው የዘንባባ ጠጅ ጠጪው ታሪኩ ከመማሪያ መጽሐፍ እንግሊዝኛ ጋር አይተዋወቅም። የውጭ ሐያስያን አደነቁት፤ ከተማሩት ያገሩ ልጆች ብዙዎቹ ግን አፈሩበት። እኛ ግን ታሪኩን የሚተርከው ጠጪው ራሱ መሆኑን እናስተውላለን። ቋንቋው የእሱ ነው፤ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አይከዳውም። ሌላው ናይጄሪያዊ ኬን ሳሮ ዊዋ ደግሞ በዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛ ያጠና ሰው ነው። በ1985 እ.ኤ.አ. «ሶዛቦይ» የሚለውን ልብ ወለዱን ሲያወጣ በበሰበሰ እንግሊዝኛ የተጻፈ መሆኑን ራሱ አስታወቀ። ተራኪው ምን እንደ ሆነ ሳይገባው ጦርነት ውስጥ የገባ ወጣት ነው። ያ ልጅ በተስተካከለ እንግሊዝኛ ቢተርክ ኖሮ ጦርነቱ የገባው ይመስል ነበር። እዚህ ላይ ሐሰት የሚሆነው ትክክለኛው ሰዋስው ነው።

እንግዲህ መመዘኛችን ይህ ነው፤ ስሕተት ባለቤት ይኑረው። በገጸ ባሕርይው አፍ ውስጥ ያለ ስሕተት የገጸ ባሕርይው ነው፤ ማንም አይንካው። ተራኪው ሰው ከሆነና አነጋገሩ ያ ከሆነ የእሱ ነው፤ ይከበርለት። ማንም «የኔ ነው» የማይለው፣ ከቸልታ የመጣ ስሕተት ግን የደራሲው ዕዳ ነው። ከፋዩ ግን አንባቢው ይሆናል፤ በደሉም እዚህ ላይ ነው።

ይህ መመዘኛ ወደ እኛም ይዞራል። በድርሰቶቻችን ውስጥ ዘበኛው፣ የቤት ሠራተኛዋ፣ ከገጠር የመጣው ወታደር የሚናገሩት «ስብርባሪ» አማርኛ ነው፤ ተማሪውና ዶክተሩ ግን እንደ መጽሐፍ ይናገራሉ። ለመሆኑ ከመካከላችን ሲያወራ «የምትሄደው» የሚል ማን አለ? ሁላችንም «የት ነው ምትሄደው?» ነው የምንለው። የእኛን ጉድለት በብዕር አቃንተን የዘበኛውን ሳናዛንፍ ስንገለብጥ እውነተኛነት ነው እንላለን። እውነተኛነት አይደለም፤ አድልዎ ነው።

ከዚህም የባሰ አለ። ሴቲቱን «አንተ» ብሎ የሚጠራ ገጸ ባሕርይ እየፈጠርን አንባቢን ማሳቅ ቀላል ነው። ይሁንና ያ ሰው አፉን የፈታው በኦሮምኛ ከሆነ በቋንቋው «አቲ» ለወንድም ለሴትም አንድ ነው። ሰዋስው አላጣም፤ ሁለተኛ ሰዋስው እየተማረ ነው። ከሚስቁበት ከብዙዎቹ ይልቅ አንድ ቋንቋ ይበልጣል። ደራሲ ይህን ስሕተት መጻፍ አይችልም አንልም፤ ይችላል። ግን ያ ሰው በታሪኩ ውስጥ ከስሕተቱ ሌላ ምን አለው? ሐሳብ አለው? ቁጣ አለው? በገዛ ቋንቋው ሲናገር አንደበተ ርቱዕ መሆኑን አንባቢው የሚያውቅበት አንድ መስመር እንኳ አለ? ከሌለ ገጸ ባሕርይ አልተፈጠረም፤ መሳለቂያ ነው የተፈጠረው።

ይህን የምንለው ለሌላ ደራሲ አይደለም። እዚሁ ግቢ ውስጥ አማርኛ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቋንቋቸው የሆነ ጓደኞች አሉን። ለመጻፍ የሚበቃ ታሪክ አላቸው፤ «አንተ»ና «አንቺ» ላይ ይሳቅብናል ብለው ግን ደብተራቸውን ይዘጋሉ። ስለዚህ ለዚህች መጽሔት ድርሰት ስንቀባበል ቀዩን እስክሪብቶ አንጣለው። መጀመሪያ ግን ጸሐፊውን እንጠይቀው፤ ይቺ ስሕተት የማን ናት? የገጸ ባሕርይው ናት ካለን እንተዋት። የኔ ናት ካለን አብረን ቁጭ ብለን እናቃናት፤ ሳንስቅ።