የሌሊቱ ተረኛ ማን ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



እኛ የልደታ ልጆች የባሕር ሰዎች አይደለንም። የምናውቀው ውኃ በክረምት ከጣራ የሚወርደውንና በየመንገዱ የሚጎርፈውን ነው። ቢሆንም ቤተ ክርስቲያን በመርከብ እንደምትመሰል፥ የኖኅ መርከብም የእመቤታችን ምሳሌ እንደ ሆነች ከሕፃንነታችን ጀምረን ተምረናል። በመርከቧ ውስጥ ያለው ሰው ግን ሥራው ምን እንደ ሆነ ብዙ አልጠየቅንም። ስለዚህ ዛሬ አገራችን ስለ ነበራት አንዲት የማሠልጠኛ መርከብና መርከበኞች ሌሊቱን ስለሚያነጉበት ሥርዓት ጥቂት ተናግረን፥ ለራሳችን የሚሆነውን ትምህርት እናወጣለን።

የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው። በ1954 ዓ.ም. ከአሜሪካ አንዲት ትልቅ መርከብ ተረከበ፤ ስሟም «ኢትዮጵያ» ተባለ። ርዝመቷ 95 ሜትር ያህል ሲሆን፥ ቀድሞ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በባሕር ላይ ለሚያርፉ አውሮፕላኖች አገልግሎት ትሰጥ የነበረች ናት። ለእኛ ባሕር ኃይል ግን ዋና መርከብም የዕጩ መኮንኖች መማሪያም ሆነች። በዚያን ጊዜ የኢትዮጵያ ወደብ ከነበረችው ከምጽዋ ተነሥቶ ወደ ውቅያኖስ ለመውጣት የሚሻ መርከብ ቀይ ባሕርን ወደ ደቡብ ወርዶ በባብ ኤል መንደብ ጠባብ በር ማለፍ አለበት። ስሙ በዐረብኛ የልቅሶ በር ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ የኤደን ባሕረ ሰላጤ፥ ቀጥሎም የሕንድ ውቅያኖስ ነው፤ በዚያ በየትኛውም በኩል ቢመለከቱ መሬት አይታይም።

ባሕርን በመጽሐፍ ብቻ መማር አይቻልም። ዕጩው ስለ ኮምፓስና ስለ ከዋክብት በክፍል ውስጥ የቱንም ያህል ቢያጠና፥ መርከበኛ የሚሆነው በጨለማ ቆሞ ተራውን ሲጠብቅ ነው። በብዙ መርከቦች ላይ እንደ ቆየው ልማድ አንድ ተረኛ 4 ሰዓት ይቆማል፤ ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ያለው ጊዜ ግን ለሁለት ይከፈላል። በዚህም አንድ ቀንና ሌሊት ሰባት ተራ ይሆናል። ቁጥሩ ጎዶሎ በመሆኑ ተራው በየቀኑ ይዘዋወራል፤ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ያለው ከባዱ ተራ ሁልጊዜ በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ አይወድቅም። እኛስ ሰባት የጸሎት ጊዜያት የሉንምን? ነግህ፥ ሠለስት፥ ቀትር፥ ተሰዓት፥ ሠርክ፥ ንዋምና መንፈቀ ሌሊት እነዚህ ናቸው። አባቶቻችን ቀኑንና ሌሊቱን ያለ ተረኛ አልተዉትም።

ከዚህ የሚበልጠው ግን የርክክቡ ሥርዓት ነው። በሌሊት የሚተካ ሰው ከብርሃን ወጥቶ ወዲያው ማየት አይችልም፤ ስለዚህ ዓይኑ ጨለማውን እስኪለምድ ድረስ ፊተኛው ተረኛ ቦታውን አይለቅም። መርከቢቱ የምትሄድበትን አቅጣጫ፥ በአካባቢው የታየውን መርከብ፥ የነፋሱን ጠባይ አንድ በአንድ ይነግረዋል። ተተኪው የታመመ ወይም የሰከረ መስሎ ከታየው ጨርሶ አያስረክብም፤ ለአዛዡ ያስታውቃል። ተመልካች ሆኖ የቆመውም ሰው ያየውን ሁሉ መናገር አለበት። ከሩቅ አንድ ብርሃን ብልጭ ቢል «ምናልባት ኮከብ ይሆናል» ብሎ ዝም አይልም። ኮከብ ከሆነ የሚጎዳ የለም፤ መርከብ ሆኖ ዝም ካለ ግን የብዙ ሰው ነፍስ ይጠፋል።

ጌታችንም ደቀ መዛሙርቱን በባሕር ላይ አስተምሯቸዋል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 8 ማዕበሉ ሲነሣ እርሱ በታንኳይቱ ውስጥ ተኝቶ ነበር። በምዕራፍ 14 ግን ብቻቸውን አስቀድሞ ሰደዳቸውና እርሱ ሊጸልይ ወደ ተራራ ወጣ። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ ይህን ሲተረጉም፥ ጌታ ቀስ በቀስ ወደሚበልጠው ትዕግሥት እንዳደረሳቸው ያስተምራል። ወደ እነርሱ የመጣውም በአራተኛው ክፍለ ሌሊት፥ ክንድ ዝሎ ዓይን በሚከብድበት ሰዓት ነው። ጴጥሮስ ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ ባሕርን ያውቃል። ሆኖም መስጠም በጀመረ ጊዜ ያዳነው ዕውቀቱ ሳይሆን የተዘረጋችለት እጅ ናት።

ወገኖቻችን፥ ይህን ሁሉ የጻፍነው ያለ ምክንያት አይደለም። ዕጩ መኮንኖች ሠልጥነው፥ ኮምፓስና አዛዥ ይዘው በሚያልፉበት በዚያ በልቅሶ በር አካባቢ ዛሬ የእኛ እኩዮች በደላሎች ጀልባ ተጨናንቀው ከጅቡቲ ጠረፍ ወደ የመን ይሻገራሉ። በሐምሌ ወር 2017 ዓ.ም. በየመን አቢያን ጠረፍ አጠገብ አንዲት ጀልባ ሰጥማ ከ60 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ አብዛኞቹ ተሳፋሪዎች ኢትዮጵያውያን ነበሩ። የሚሄዱትን አንፈርድባቸውም። ሥራ ማጣትና የቤተሰብ ችግር ምን እንደ ሆነ በየቤታችን እናውቀዋለን።

ከመካከላችንም አንድ ወንድም ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚሁ መንገድ ሄዶ ነበር። ከመዝሙር ጥናት በኋላ በር ላይ ቆመን ስንጨዋወት «እኔ እንግዲህ ባሕር ልሻገር ነው» አለን። ሳቅን። በሚቀጥለው እሑድ ቦታው ባዶ ሆነ። በጅቡቲ ጠረፍ ጀልባ ሲጠብቅ ሰንብቶ፥ ታሞ በእግዚአብሔር ቸርነት ተመለሰ። «ለምን አልነገርከንም?» ብለን ብንጠይቀው «ነግሬአችሁ ነበር፤ እናንተ ሳቃችሁ» አለን። መልስ አልነበረንም። ብርሃኑን አይተን ኮከብ ነው ብለን ዝም ያልን ተመልካቾች እኛ ነበርን።

«ኢትዮጵያ» የተባለችው መርከብም መጨረሻዋ አያስደስትም። በ1983 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት አገሯን ለቅቃ ወደ የመን ሄደች፤ ወደ አገሯ ሳትመለስ እ.ኤ.አ. በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ጠንካራ መርከብም ቢሆን የሚመለስበት ወደብ ያስፈልገዋል። የሚያሠለጥን ግን አልጠፋም። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሠለጠኑ ወጣቶች ዛሬ በዓለም ባሕሮች ላይ የመርከብ መሐንዲሶች ሆነው ይሠራሉ። እኛም ሰንበት ትምህርት ቤታችንን ለሄደው መመለሻ ወደብ፥ ላለው መሠልጠኛ መርከብ እናድርጋት።

እንግዲህ ምን እናድርግ? አንደኛ፥ ሁለት እሑድ ከጉባኤ የቀረ ወንድም ወይም እኅት ቢኖር በሦስተኛው ሳምንት ቤቱ ድረስ የሚሄድ ተረኛ እንመድብ። ሁለተኛ፥ በቀልድ የተነገረንን ጭንቀት ቀልድ ነው ብለን አንለፈው፤ ያየነውንም ለመምህሮቻችን እንናገር፤ የጎደለውን የምናሟላበትን መንገድ አብረን እንፈልግ። ሦስተኛ፥ በትዳርም በሥራም ምክንያት አገልግሎቱን የምንለቅ ታላላቆች የታናናሾቻችን ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ ድረስ አብረናቸው እንቁም። ቁልፍና መዝገብ ሰጥቶ መሄድ ርክክብ አይደለም።

ያ ወንድማችን ዛሬ ከእኛ ጋር ያገለግላል። የመጀመሪያውን የጉብኝት ተራ ማን ይውሰድ ሲባል እጁን ያወጣው እርሱ ነው። ሁለተኛው ተራ ገና ሰው አልተመደበለትም።

በአራተኛው ክፍለ ሌሊት ወደ ደቀ መዛሙርቱ የመጣ አምላክ የሄዱትን በሰላም ይመልስልን፥ እኛንም በየተራችን ነቅተን የምንገኝ ያድርገን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፥ ወለወላዲቱ ድንግል፥ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።