ሰላም ከባሕር ማዶ ይገኛልን?

«ያላዩት አገር አይናፍቅም» ይላሉ አበው። ይህ አባባል ግን በዘመናችን የከተማ ሰው ላይ የሚሠራ አይመስልም። እንዲያውም አጥብቆ የሚናፈቀው ያልታየው አገር ሆኗል። ሥራው የሰለቸው፣ ብዕሩ የነጠፈበት፣ ከቤተሰቡ የተኳረፈ ሁሉ «እስቲ አንድ ጊዜ ከዚህ ልውጣ እንጂ!» ይላል። ለመሆኑ የመንፈስ ሰላምና የፈጠራ ኃይል ባሕር ተሻግረው የሚያገኟቸው ነገሮች ናቸውን?

እ.ኤ.አ. በ1891 የፈረንሳይዋ ወደብ ማርሴይ፣ ሳይገናኙ የተላለፉ ሁለት መንገደኞችን አስተናግዳለች። አንደኛው ሠዓሊው ፖል ጎጋን ነው። የአክሲዮን ገበያ ሥራውን ከተወ ቆይቷል፤ ሚስቱና አምስት ልጆቹ ዴንማርክ ናቸው። እሱ ግን አውሮፓ ያላበላሸችውን ሕይወት ፍለጋ ኤፕሪል 1 ቀን ወደ ታሂቲ ደሴት በመርከብ ተነሣ። ሁለተኛው ባለቅኔው አርተር ራምቦ ነው። ጎጋን ከሄደ ከሰባት ሳምንት በኋላ፣ ጉልበቱ በዕጢ አብጦ፣ ከሐረር እስከ ዘይላ በቃሬዛ ተጉዞ እዚያው ወደብ ደረሰ። እግሩ ተቆረጠ፤ በዚያው ዓመት ኖቬምበር 10 ቀን በ37 ዓመቱ አረፈ።

ራምቦ ግጥምን የተወው ገና በሃያዎቹ ዕድሜ መግቢያ ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1880 ሐረር ገብቶ ቡናና ቆዳ ነገደ፤ በ1887 ለንጉሥ ምኒልክ ጠመንጃ አመጣ። ለቤተሰቡ የሚልካቸው ደብዳቤዎች ግን በመሰልቸትና በምሬት የተሞሉ ነበሩ። መንገዱ ሁሉ የጣለውን ብዕር መልሶ አላስጨበጠውም።

ጎጋንስ? ታሂቲ ሲደርስ ያገኛት የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ሆና ነው። ሚስዮናውያንና ሹማምንት ቀድመውታል። ሆኖም ታላላቅ ሥዕሎቹን የሣለው እዚያ በመሆኑ «ጉዞው ሠመረለት» ልንል እንችላለን። የመንፈስ ሰላም ግን አላገኘም። ድህነትና ሕመም ተፈራረቁበት። እ.ኤ.አ. በ1897 የሴት ልጁን ሞት ሰማ። ከዚያ በኋላ የሣለው ትልቁ ሥዕል ርእስ፣ ሰው ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደሆነና ወዴት እንደሚሄድ የሚጠይቅ ነው። ሰላም ያገኘ ሰው እንዲህ አይጠይቅም። ሒሳቡንም የከፈሉት ሌሎች ናቸው፤ ሚስቱ ልጆቹን ያለ እሱ አሳድጋለች፤ በደሴቷም ዕድሜዋ 13 ዓመት ገደማ የነበረች ልጃገረድ «ሚስት» አድርጎ ይዟል። የአንዱ ሰው ራስን ፍለጋ ለሌላው ዕዳ ከሆነ፣ ፍለጋው ምን ያህል ንጹሕ ነው?

ታዲያ አንጓዝ ማለት ነውን? አይደለም። አፈወርቅ ተክሌን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1947 ወደ እንግሊዝ የተላከው የማዕድን ምሕንድስና እንዲማር ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ በውስጡ የነበረው የሥዕል ፍቅር ግን አሸነፈው። በኋላም አውሮፓን ሲዞር የባለቀለም መስታወት ጥበብን ከመቅሰሙም በላይ፣ በለንደን፣ በፓሪስና በቫቲካን ቤተ መጻሕፍት የተቀመጡትን የኢትዮጵያ ብራናዎች አጥንቷል። የራሱን አገር ቅርስ በሰው አገር አገላበጠ ማለት ነው። 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነው የአፍሪካ አዳራሽ የመስታወት ሥዕል የዚህ ሁሉ ፍሬ ነው።

እንግዲህ ጉዞ ዓይን ይሰጣል፤ እጅ ያፍታታል፤ የቅርቡን ነገር ከሩቅ ያሳያል። ሰላም ግን ከራስ ጋርና ትተናቸው ከምንሄድ ሰዎች ጋር የሚደረግ እርቅ ስለሆነ ቪዛ አይጠይቅም። ሻንጣውን የሚያዘጋጅ ሰው አንድ ነገር ራሱን ቢጠይቅ መልካም ነው፤ «ቪዛው ቢከለከለኝ ነገ ጠዋት እዚሁ የምጀምረው ሥራ አለኝን?» መልሱ «አለኝ» ከሆነ መንገዱ ይጠቅመዋል። «የለኝም» ከሆነ ግን፣ ባዶነቱን ሻንጣው ውስጥ ይዞት ይሄዳል።