«ፍሬን በጠሰ» ብሎ ማን ነፃ ይወጣል?

በአገራችን የመኪና አደጋ በደረሰ ቁጥር አቧራው ሳይሰክን የሚሰሙ ሁለት ቃላት አሉ። አንደኛው «ጥፋቱ የሹፌሩ ነው» የሚል ሲሆን ሁለተኛው «ፍሬን በጠሰ» የሚል ነው። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ «የአላህ ቀደር ነው» የሚል ሦስተኛ ይከተላል። ከሦስተኛው በኋላ የሚጠይቅ የለም። ሟቹ ይቀበራል፤ ሹፌሩ ይታሰራል ወይም ይሰወራል፤ መኪናው ጋራዥ ገብቶ ይቀጠቀጥና ቀለም ተቀብቶ ተመልሶ መንገድ ይወጣል። ታዲያ ማሽኑና ሰው አብረው ሲያጠፉ በሰውም በአላህም ፊት የሚጠየቀው ማን ነው? ይህን ጥያቄ ማንሳት ቅንጦት የሚመስለው ካለ ከወልድያ በላይ ያለውን መንገድ አንድ ጊዜ ይጓዝበት።

ከወልድያ ተነስቶ በጎብዬና በሮቢት በኩል ወደ ቆቦ የሚወስደው ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ከደጋው ወደ ራያ ቆላ ያወርዳል። ከቆቦ በዋጃ በኩል እስከ አላማጣ ሜዳው ለጥ ያለ፣ መንገዱም ቀጥ ያለ ነው፤ እግርን ነዳጅ ላይ ያስረሳል። በዚያው ሜዳ ላይ ግን ሲመሽ ከብት ከግጦሽ ይመለሳል፤ በማሽላው መካከል ሕፃን ሳይታሰብ ብቅ ይላል፤ በገበያ ቀን አስፋልቱ የእግረኛ ነው። ከአላማጣ በኋላ ግራ ካሕሱ አለ። ከኮረም ወደ አላማጣ የሚወርድ መኪና በዚያ ጠመዝማዛ አንድ ሺህ ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ይወርዳል። መንገዱ በአንድ ጉዞ ሦስት ዓይነት ፈተና ያቀርባል፤ ቁልቁለት፣ ሙቀትና ፍጥነት። ሦስቱም የሹፌሩን ጠባይም የመኪናውንም ጤና ያጋልጣሉ።

በቆቦ ከተማ ባለንብረቶችና ሹፌሮች ሻይ እየጠጡ ይህንኑ ሲከራከሩ ሰምቻለሁ። አንድ ሁለት ኢሱዙ ያላቸው ሐጂ ነገሩን በአጭሩ ቋጩት፤ «መኪና ራሱን አይነዳም። ጫት ቅሞ ሌሊቱን ሲነዳ ያደረ ሰው ገደል ሲገባ ብረቱን ምን አድርግ ትሉታላችሁ?» አሉ። ከጥግ የተቀመጠ ሹፌር ግን አልተዋጠለትም፤ «ሐጂ፣ እኔ እንዳልተኛ የሚያደርገኝ የአንቱ ምልልስ አይደለም ወይ? ሸራው አልቋል ብዬ ስነግርዎ አንድ ጉዞ ጨርስና እናስቀይራለን አላሉኝም?» አላቸው። ሦስተኛው መካኒክ ነበር። ሁለቱንም ከሰማ በኋላ «ከፋብሪካው ለሰው ያልተሠራን መኪና ሰው ጭናችሁበት ስለምን ትከራከራላችሁ?» ብሎ ሳቀ። እንደ እኔ እምነት ሦስቱም እውነት ተናግረዋል። ስህተታቸው እያንዳንዱ የእርሱ እውነት የሌላውን ያጠፋል ብሎ ማሰቡ ላይ ነው።

«ፍሬን በጠሰ» የሚለውን ቃል ራሱን እንመርምር። ረጅም ቁልቁለት ላይ ሹፌሩ በከባድ ማርሽ ይዞ በመውረድ ፈንታ ፔዳሉን ረግጦ ከያዘ የፍሬኑ ሸራና የሚታከከው ብረት ይግላሉ። በጣም የጋለ ሸራ መያዙን ይተዋል። ለዓመታት ያልተቀየረ የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል፤ ሲግል በውስጡ ያለው ውሃ ይፈላና እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ እንደ ዘይት አይገፋም፤ ፔዳሉ ባዶውን ወለል ይነካል። በዚህ ላይ ከተፈቀደው በላይ የተጫነ እህል ወይም ሲሚንቶ ሲጨመርበት ነገሩ አለቀለት። እንግዲህ ውድ አንባቢ፣ ይህ የማን ጥፋት ነው? ማርሹን ያልቀየረው ሹፌር ነው። ሸራውን ያላስቀየረው ባለንብረት ነው። ዘይቱን ሳያይ «ደህና ነው» ያለው ጋራዥ ነው። ትርፍ ያስጫነው ነጋዴ ነው። መኪናውን በቅጡ ሳይመረምር ቦሎ የለጠፈው ነው። አንዳቸው እንኳ የድርሻቸውን ቢወጡ ኖሮ መኪናው ሳይገለበጥ አላማጣ በገባ ነበር። «መኪናው ነው ወይስ ሹፌሩ?» ብሎ መጠየቅ ከአምስቱ አራቱን አስቀድሞ ማሰናበት ነው።

መካኒኩ የተናገረውም ቀላል አይደለም። በየአገሩ የሚመላለሰው ቅጥቅጥ የምንለው አውቶቡስ ለጭነት በተሠራ የኢሱዙ ሻንሲ ላይ እዚሁ አገር ቤት አካል ተቀጥቅጦለት ሰው እንዲጭን የተደረገ ነው። ያው ኢሱዙ የጭነት መኪና ከፍጥነቱና ከአደጋው ብዛት የተነሳ ሕዝቡ «አልቃይዳ» የሚል ስም አውጥቶለታል። ስሙ የተሰጠው ለመኪናው ነው፤ የሚያስፈጥነው ግን ዕቃውን ቶሎ ገበያ ለማድረስ የሚጣደፍ ነጋዴና በምልልስ ቁጥር የሚከፈለው ሹፌር ነው። የሰውን ስግብግብነት በብረት ስም ጠራነው።

የማሽንና የሰው ጥፋት ሲቀላቀል ፍርድ ወዴት እንደሚያዘነብል ከሁሉ የበለጠ ያስተማረን በአየር ላይ የደረሰብን አደጋ ነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ማክስ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች አለቁ። ዋና አብራሪው ያሬድ ጌታቸው የ29 ዓመት፣ ረዳቱ አሕመድኑር ሙሐመድ የ25 ዓመት ወጣቶች ነበሩ። በውጭ አገር ጣት ለመቀሰር ጊዜ አልፈጀም። አብራሪዎቹ ልምድ የላቸውም፣ ሥልጠናቸው ያነሰ ነው ተባለ፤ በአሜሪካ ምክር ቤት ሳይቀር እንዲህ ያለ ነገር ተነገረ። ነገር ግን ከአምስት ወር ያነሰ ጊዜ አስቀድሞ ተመሳሳይ አውሮፕላን ኢንዶኔዥያ ውስጥ ወድቆ 189 ሰዎች አልቀው ነበር። በሁለቱም ጊዜ አንድ የተበላሸ ጠቋሚ መሣሪያ የሰጠውን ሐሰት አምኖ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች የሚደፍቅ ሥርዓት ነበረ። ይህ ሥርዓት መኖሩ ከመጀመሪያው አደጋ በፊት በአብራሪዎች መመሪያ ውስጥ አልተጻፈም ነበር። የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን ከመጀመሪያው አደጋ በኋላ በሠራው ስሌት፣ ችግሩ ካልታረመ በአውሮፕላኑ የአገልግሎት ዘመን ወደ 15 የሚደርሱ ሌሎች አደጋዎች ሊደርሱ እንደሚችሉ ገምቶ ነበር። ሆኖም አውሮፕላኑ እንዲበር ተተወ። በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ቦይንግ ሠራተኞቹ ተቆጣጣሪውን እንዳታለሉ አምኖ ከ2.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማማ።

ፍትሐዊ ለመሆን ሌላውንም መናገር ይገባል። የመጨረሻው የምርመራ ሪፖርት በ2015 ዓ.ም. ሲወጣ የአሜሪካና የፈረንሳይ መርማሪዎች የአብራሪዎቹ አያያዝ በበቂ አልተመረመረም ሲሉ አስተያየት ሰጥተዋል። ይህ ሊነገር የማይገባው ነገር አይደለም። ግን ሚዛኑን እንያዝ። በስድስት ደቂቃ ውስጥ፣ ማስጠንቀቂያ እየጮኸበት፣ ያልተነገረውን ነገር መፍትሔ የሚፈልግ ወጣትና ወራት በእጁ ይዞ፣ በወንበር ተደላድሎ፣ ስሌቱን አይቶ ዝም ያለ ሰው እኩል አይጠየቁም። ከዚህ የምወስደው መለኪያ ሁለት ጥያቄ ነው፤ ማን ያውቅ ነበር? ለማስቆም ጊዜና ሥልጣን የነበረውስ ማን ነው? ማወቅ ዕዳ ነው፤ ቀድሞ ያወቀም ቀድሞ ይጠየቃል።

ይህ መለኪያ ወደ ገዛ መኪኖቻችንም ይመጣል። ታካታ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የሠራቸው የአየር ከረጢት ማፈንጃዎች ለዓመታት ሙቀትና እርጥበት ሲፈራረቅባቸው በግጭት ጊዜ የብረት ስብርባሪ ወደ ተሳፋሪው እንደሚረጩ ታውቆ በዓለም ዙሪያ ከ100 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑት እንዲቀየሩ ጥሪ ተደርጓል። ኩባንያው በ2017 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ፍርድ ቤት ጥፋቱን አምኖ በዚያው ዓመት ከሰረ። ይህ ጥሪ የሚደርሰው ግን መኪናውን በስሙ ላስመዘገበ ሰው ነው። ከዱባይ ወይም ከአውሮፓ ያገለገለ መኪና ገዝቶ ያመጣ ወገናችን ደብዳቤው አይደርሰውም። ሻጩ ግን የሻንሲ ቁጥሩን ይዞ ማጣራት ይችላል። ጉድለቱን እያወቀ ዝም ብሎ የሚሸጥ ሰው በሸሪዓችን ዐይብን የደበቀ ነው፤ ሳይጠይቅ የሚሸጥም «አላወቅሁም» ማለቱ ብዙ አያራምደውም።

የአገራችን ሕግ ከምናስበው ቀድሞ እዚህ ደርሷል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 ላይ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ባለንብረቱን ኃላፊ ያደርገዋል፤ መኪናውን የነዳው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ። በቁጥር 2085 ደግሞ ዕቃ ሠርቶ ለትርፍ የሚያቀርበውን ሰው ዕቃው በአግባቡ ሲሠራበት ለሚያደርሰው ጉዳት ይጠይቀዋል፤ ጉድለቱ በተለመደ ምርመራ ሊገኝ ይችል ከነበረ ግን አያስጠይቀውም። ይህ የመጨረሻው ሐረግ ብዙ ይናገራል። መመርመር እየቻለ ያልመረመረ ሰው የፋብሪካውን ዕዳ ወደ ራሱ አዛውሯል ማለት ነውና። ችግሩ በአሠራር ላይ ነው። የገንዘቡን ካሣ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ይሸከመዋል፤ እስራቱን ሹፌሩ ይሸከመዋል። ሸራውን ሳያስቀይር የቀረው ባለንብረት ከሁለቱም መካከል ሾልኮ ይወጣል። ኢንሹራንስ ለተጎጂ ቤተሰብ ትልቅ እፎይታ ነው፤ የኅሊና መግዣ ግን አይደለም።

የፊቅህ ሊቃውንትም ጉዳዩን በቀጥታ አድራጊና በምክንያት ፈጣሪ ከፍለው ያዩታል። ሁለቱ ሲገናኙ ፍርዱ በመሠረቱ ወደ ቀጥታ አድራጊው ያዘነብላል። ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ ጉባኤ በ1993 እ.ኤ.አ. በብሩናይ ተሰብስቦ ስለ መኪና አደጋ ሲወስን ሹፌሩ ተጠያቂ መሆኑን አጽንቷል፤ ሆኖም ሊከላከለው የማይችለው ኃይል ሲገጥመው፣ ወይም ጥፋቱ የሌላ ሰው ሲሆን ያ ሌላው ኃላፊነቱን እንደሚሸከም አክሏል። በቁርኣንም በስህተት የተፈጸመ ግድያ ባዶ ሆኖ አይቀርም፤ ለቤተሰብ ካሣ፣ ለአላህም ማካካሻ አለበት። በወሎ አበጋሮችና ሽማግሌዎች ተቀምጠው ደም ሲያደርቁም መነሻቸው ይኸው ነው፤ ሳይታሰብ የፈሰሰም ደም ባለቤት አለው። እኔ የምጠይቀው በዚያ ሸንጎ ላይ ሹፌሩና ዘመዶቹ ብቻ ስለምን እንደሚቀርቡ ነው። ባለንብረቱስ? ትርፍ ያስጫነው ነጋዴስ?

«ቀደር ነው» ለሚለው ወገኔም አንድ ቃል አለኝ። ሞት በአላህ ውሳኔ መሆኑን የሚክድ ሙስሊም የለም። ዑመር (ረ.ዐ.) ግን ወደ ሻም ሲጓዙ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው ለመመለስ በወሰኑ ጊዜ ከአላህ ቀደር ይሸሻሉን ተብለው ሲጠየቁ፣ የሚሸሹት ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር መሆኑን አስረድተዋል። የሳሳ ሸራ ማስቀየርም እንዲሁ ነው። ቀደር ለተጎዳው ሰው የመጽናኛ ቃል ነው። አጥፊው ሲያነሳው ግን መሸሸጊያ ይሆናል። አንድ ቃል በሁለት አፍ ሁለት ትርጉም አለውና ማን እየተናገረው እንደሆነ እንመልከት።

«ጥፋቱን ለአምስት ሰው ካካፈልከው ሹፌሩ በቀላሉ ያመልጣል» የሚል ተቃውሞ ሊነሳ ይችላል። ጥፋት ግን እንደ ዳቦ አይደለም፤ ሲካፈሉት አያንስም። ፍሬኑ እንደሳሳ እያወቀ ግራ ካሕሱን የወረደ ሹፌር፣ ባለንብረቱ ስላዘዘው ብቻ ነፃ አይወጣም። ከአውቶቡሱ ኋላ ያሉት ሕፃናት የባለንብረቱ አደራ ብቻ አይደሉም፤ መሪውን የጨበጠው የእርሱም አደራ ናቸው። «አልነዳም» ማለት እንጀራ ሊያሳጣ እንደሚችል አውቃለሁ። ስለዚህም ነው ዕዳው ከባለንብረቱ ላይ የሚከብደው፤ ሹፌሩን በእንጀራውና በኅሊናው መካከል ያቆመው እርሱ ነውና። እኛም ተሳፋሪዎች አለንበት። ትርፍ ሲጫን ጠጋ ብለን ቦታ የምንለቅ፣ ሹፌሩ ሲዘገይ «ምን ሆነህ ነው? ንዳው እንጂ!» የምንል፣ አደጋው ሲደርስ ደግሞ ቀድመን የምንፈርድ እኛው ነን።

ሥራው እንግዲህ ከአደጋው በፊት ነው። ባለንብረት ሹፌሩ ስለ መኪናው የነገረውን በጽሑፍ ይቀበል፤ የሰማውን መካድ እንዳይችል። ሹፌር ከቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ቆሞ ፍሬኑን ይሞክር፤ በከባድ ማርሽ ይውረድ። ቦሎ የሚሰጠው ወገን ፊርማው ምስክርነት መሆኑን ይወቅ፤ በሐሰት ከመሰከረ ሐሰተኛ ምስክር ነው። ሽማግሌዎቻችንም ደም ሲያደርቁ ከሹፌሩ ጎን ባለንብረቱን ያስቀምጡና ሸራው መቼ እንደተቀየረ ይጠይቁት። ያን ጥያቄ አስቀድሞ የሚፈራ ባለንብረት «አንድ ጉዞ ጨርስ» ለማለት አፉ አይታዘዝለትም።

ወላሁ አዕለም።