ሁለት ቆቆች፣ አንድ ጥያቄ

ሐርጌሳ የቆመችው ኦጎ በሚባለው ከፍታማ አምባ ላይ ነው። የአምባው ስም በአንድ ቆቅ ሳይንሳዊ ስም ውስጥም ገብቷል፤ በሰሜን ሶማሌ ተራሮች የሚገኘውን ማጅራተ ዳማ ቆቅ የአዕዋፍ አጥኚዎች «ኦጎኤንሲስ» የሚል የንዑስ ዝርያ ስም ሰጥተውታል።

ዋናው አገሩ ግን ኢትዮጵያ ናት። በ1888 እ.ኤ.አ. ሳይንሳዊ ስም ያገኘው ይህ ቆቅ ከጨርጨር እስከ ባሌ ባሉት ደጋዎች ይኖራል። በባሌዋ ዲንሾ ከጥድና ከኮሶ ሥር ቅጠሉን በእግሩ እየጫረ ሲለቅም በቅርብ ይታያል፤ አንገቱና ጀርባው ዳማ ሆኖ ነጫጭ መስመሮች አሉበት።

ወደ ደቡብ፣ ቦረና ሜጋ አካባቢ ባለው የጥድ ደን፣ ዘመዱ አለ። ዳማው ቀለም የለውም፤ ግንባሩ ጥቁር፣ ሆዱ ነጣ ያለ ነው። አሜሪካዊው ቦርድማን ኮኖቨር በ1930 እ.ኤ.አ. መዘገበው፤ ለረጅም ጊዜም የማጅራተ ዳማው ንዑስ ዝርያ ተደርጎ ተቆጠረ። ከዚያ ለብዙ ዓመታት ዞር ብሎ ያየው አልነበረም። በ2014 እ.ኤ.አ. ግን ተመራማሪዎች ላባውንና ዘረ መሉን መርምረው ራሱን የቻለ ዝርያ ነው አሉ።

ወፉ አልተለወጠም። ታዲያ ወሰኑን ያሰመረው ማን ነው? ተፈጥሮ ወይስ እኛ?

ኦሪት ዘፍጥረት ፈጣሪ ወፎችን በየወገናቸው እንደፈጠረ ይናገራል። በሐርጌሳ መስጊዶች የሚቀራው ቁርኣን ደግሞ በክንፋቸው የሚበርሩት ሁሉ እንደ ሰው ማኅበረሰቦች መሆናቸውን ያስተምራል። ሁለቱም ልዩነትን የፈጣሪ ሥራ ያደርጉታል። ዳርዊን በ1859 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ግን በዝርያና በንዑስ ዝርያ መካከል የጠራ ድንበር እንደሌለ ተከራክሯል። ቆቆቹ ለሁለቱም ወገን ይመሰክራሉ፦ ልዩነቱ በላባውና በደሙ አለ፤ ከየት ጀምሮ «ሌላ ዝርያ» እንደሚባል የሚወስነው ግን ሰው ነው።

ውሳኔው ደግሞ ዕዳ አለበት። ግንባረ ጥቁሩ ንዑስ ዝርያ ተብሎ ሲቆጠር አደጋው በዘመዱ ብዛት ተሸፍኖ ነበር፤ ለብቻው ሲቆጠር መኖሪያው ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ታየ። የኦጎው ቆቅ ዛሬም የሚቆጠረው ከባሌው ጋር ነው።

ስለዚህ ጥበቃ የስም ማዕረግን መጠበቅ የለበትም። ከሐርጌሳ በስተ ሰሜን ምሥራቅ ባለው የጋዓን ሊባሕ ተራራ የቀረው ጥድ ለከሰል እንዳይቆረጥ መጠበቅ ያለበት አሁን ነው። የሜጋውም እንዲሁ።